ፋይሎቹ ባሉበት ይቀመጡ

ኮምፒውተር ሲቀየር ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ለፎቶና ለዶክመንት ነው። ልክ ነው። "ፎርማት ይደረግልኝ" ብላችሁ ባለሙያ ጋር ብትወስዱም የምትጠየቁት ይህንኑ ነው። ዴስክቶፕ ላይ የሚፈለግ ነገር አለ? ዲ ላይ ያለው ይቆይ? ባክአፑ ይያዝና ሥራው ይጀመራል። ስለ ሴቲንግ የሚጠይቅ የለም። ኪቦርዱ እንዴት እንደተስተካከለ፣ የትኛው ፎንት እንደሚቀድም፣ መጻፊያው ፕሮግራም በጊዜ ብዛት ምን ምን ቃል እንደተማረ፣ ሁሉም አብሮ ይጠፋል። ባለቤቱ ከቀናት በኋላ "ይሄ ነገር እንደድሮው አልሆነልኝም" ይላል። ምን እንደጎደለ ግን በስም መጥራት አይችልም።

እኔ የምጽፈው ስለዚህ ስም ስለሌለው ነገር ነው። ለዓመታት ያስተካከልናቸው ትንንሽ ፋይሎች ከዶክመንቶቻችን ያላነሰ ሥራችን ናቸው ብዬ አምናለሁ። ችግሩ አንድ ቦታ አለመቀመጣቸው ነው። እዚህም እዚያም ተበትነው ነው የሚኖሩት። ከቦታቸው ሳይነሱ ታሪካቸውን በአንድ የጊት ሪፖ መያዝ ግን ይቻላል። ጊትን ለማታውቁ፣ ፋይል ላይ ምን እንደተቀየረ፣ መቼ፣ በማንና ለምን እንደተቀየረ እየመዘገበ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ነው፤ መዝገቡ ሪፖ፣ አንዱ ምዝገባ ኮሚት ይባላል። ፕሮግራመሮች ኮድ ይይዙበታል። ለሌላ ነገርም ይሆናል።

የምጠቀመው ኡቡንቱ ነው፤ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ፣ ከሊኑክስ ወገን የሆነ ሲስተም። ሥራዬ ግማሹ ሰርቨር መጠበቅ ነው፣ ግማሹ አማርኛ መጻፍ። ለአማርኛው ብቻ የምደገፍባቸው ፋይሎች የት የት እንዳሉ ልንገራችሁ። የኪቦርዱ ሠንጠረዥ ሆም ፎልደሬ ውስጥ ነው፤ ስሙ በነጥብ የሚጀምር፣ ኤም17ኤን የሚባል ፎልደር አለ። ፎንቶቹ ሌላ ቦታ ናቸው፤ ነጥብ ሎካል ትገባላችሁ፣ ከዚያ ሼር፣ ከዚያ ፎንትስ። የትኛው ፎንት እንደሚቀድም የሚወስነው ፋይል ነጥብ ኮንፊግ ውስጥ ነው። መጻፊያ ፕሮግራሜን ሊብሬኦፊስን "ይህን ቃል ጨምር" ስለው የሚያስቀምጣቸው ቃላትም ነጥብ ኮንፊግ ውስጥ ናቸው፤ ግን ሊብሬኦፊስ፣ 4፣ ዩዘር፣ ወርድቡክ እያላችሁ ወደ ታች ወርዳችሁ ነው የምታገኟቸው። የደብዳቤ ቴምፕሌቶቼ በራሳቸው ፎልደር ናቸው። የተርሚናሉ (ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ሴቲንግ ደግሞ ሆም ፎልደሩ አናት ላይ ተቀምጧል።

ይህን አቀማመጥ የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ፋይል የሚፈልገው እዚያው ነው። ሌላ ቦታ ብታስቀምጡለት አያየውም፤ እንደሌለ ቆጥሮ በራሱ ነባሪ ሴቲንግ ይነሳል።

ብዙዎቹ ፋይሎች ደግሞ ከዓይን የተሰወሩ ናቸው። ስማቸው በነጥብ ስለሚጀምር ፎልደሩን ስትከፍቱ አይታዩም። ይህ ከየት እንደመጣ ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ2012 ጽፎታል። ሮብ ፓይክ ቤል ላብስ በሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ የሊኑክስ አርአያ በሆነው ሲስተም፣ በዩኒክስ ላይ የሠራ ሰው ነው። እሱ እንዳለው በጥንቱ ዩኒክስ እያንዳንዱ ፎልደር ውስጥ ነጥብና ድርብ ነጥብ የሚባሉ ሁለት መግቢያዎች ነበሩ፤ አንዱ ራሱን ፎልደሩን፣ ሌላው በላይ ያለውን የሚጠቁም። ፋይል የሚዘረዝረው ትዕዛዝ እነዚህን ሁለቱን እንዳያሳይ ተፈለገ። ቀላሉ መንገድ ተመረጠና "ስሙ በነጥብ ከጀመረ እለፈው" ተባለ። በዚያች አጭር መስመር ምክንያት በነጥብ የሚጀምር ማንኛውም ፋይል ተሰወረ። ፕሮግራም ሠሪዎችም ይህን ሲያዩ ሴቲንጋቸውን በነጥብ እየጀመሩ የሰው ሆም ፎልደር ውስጥ መጣል ጀመሩ። ማንም ቁጭ ብሎ አላቀደውም። ዛሬ ድረስ በዚያው እየኖርን ነው።

ወደ ጊት ልምጣ። የሊኑክስ ጀማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ጊትን የጀመረው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2005 ነው። ከዚያ በፊት የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ኮድ ቢትኪፐር በሚባል የንግድ ፕሮግራም ነበር የሚያዘው። ያለ ክፍያ የመጠቀሙ ፈቃድ ሲነሳ ሊኑስ የራሱን ሠራ። የሠራውም ለከርነሉ ነው። ከርነሉ ደግሞ አንድ ትልቅ ፎልደር ነው፤ ያለው ሁሉ እዚያ ሥር ነው። ስለዚህ ጊት ሲፈጠር ጀምሮ ሥራችሁ በአንድ ፎልደር ሥር ያለ ይመስለዋል። ፎልደሩ ውስጥ ነጥብ ጊት የሚባል ማህደር ያኖርና በዙሪያው ያለውን ይከታተላል።

ከሱ በፊት ከነበሩት መካከል እንዲህ ያልሆነም አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዋልተር ቲቺ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሠራው አርሲኤስ እያንዳንዱን ፋይል ለየብቻው ነበር የሚይዘው። ለተበታተነ ፋይል ያ ይመች ነበር ማለት ይቻላል፤ የትም ያለን ፋይል ባለበት መዝግቦ ይተወዋል። ግን "ባለፈው መስከረም ላይ ኪቦርዱም፣ ፎንቱም፣ መዝገበ ቃላቱም አንድ ላይ ምን ይመስሉ ነበር?" ብትሉት መልስ የለውም። ጊት የዚህ መልስ አለው፤ በእያንዳንዱ ኮሚት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይይዛቸዋል። እኔም ልለቀው የማልፈልገው ይህን ነው። ኪቦርዱን ስቀይር ፎንቱም አብሮ የተቀየረበት ጊዜ አለ። አንዱን ያለ ሌላው መመለስ አይጠቅምም።

ሰዎች መጀመሪያ የሚሞክሩት ኮፒ ማድረግን ነው። አንድ ፎልደር ይከፍቱና ፋይሎቹን እየገለበጡ እዚያ ይከታሉ፤ ጊቱንም እዚያ ያደርጋሉ። ይሄ አይዘልቅም። ሁለት ቅጂ ካለ አንደኛው ሁልጊዜ የቆየ ነው፤ የትኛው እንደሆነ የምታውቁት ደግሞ ስትፈልጉት ነው።

ቀጥሎ ያለው ሲምሊንክ ነው። እውነተኛው ፋይል ሪፖው ውስጥ ይቀመጣል፤ ፕሮግራሙ በሚፈልገው ቦታ ደግሞ ወደዚያ የሚያመላክት ሊንክ ይተከላል። ለዚህ የሚሆን ጥሩ መሣሪያ አለ፤ ስቶው ይባላል። ቦብ ግሊክስታይን እ.ኤ.አ. በ1993 የጀመረው ነው። ሲሠራ የታሰበው ለሌላ ነበር፤ ራሳችሁ የጫናችኋቸው ፕሮግራሞች እንዳይደባለቁ ለይቶ ለማኖር። ሰው ግን ለሴቲንግ ፋይሎች ወደደው። ብዙ የማከብራቸው ባለሙያዎች ዛሬም በሱ ነው የሚሠሩት፤ አትጠቀሙበት አልልም። እኔ ያልተመቸኝ አንድ ነገር አለ። አንዳንድ ፕሮግራም ፋይል ሴቭ ሲያደርግ የነበረው ላይ አይጽፍም። አዲስ ፋይል ይጽፍና በድሮው ስም ይተካዋል። ያኔ ሊንኩ ይጠፋና በቦታው ተራ ፋይል ይቀመጣል። ምንም የስህተት መልእክት አይመጣም። ፕሮግራሙ በአዲሱ ፋይል መሥራቱን ይቀጥላል፤ ሪፖው ውስጥ ያለው ደግሞ ባለበት ይቀራል። እንደገና ወደ ሁለት ቅጂ ተመለስን ማለት ነው።

በተቃራኒው አድርገን ፋይሉን ቦታው ላይ ትተን ሊንኩን ሪፖው ውስጥ ብናስቀምጥስ? አይሆንም። ጊት ሲምሊንክ ሲያገኝ የሚመዘግበው የሚያመላክትበትን አድራሻ ብቻ ነው። ይዘቱን ተከትሎ ሄዶ አያመጣም። ሌላ ማሽን ላይ ስትከፍቱት ወደሌለ ቦታ የሚያመላክት ባዶ ሊንክ ታገኛላችሁ። ሃርድሊንክም (ለአንድ ፋይል ሁለተኛ ስም መስጠት) አያዋጣም፤ ጊት አዲስ ቅጂ ሲያወርድ ፋይሉን ስለሚተካው ግንኙነቱ ይቋረጣል።

እነዚህ ሁሉ የሚመነጩት ፋይሎቹ ወደ ታሪካቸው መምጣት አለባቸው ከሚል ሐሳብ ነው። እኔ ደግሞ ታሪኩ ወደ ፋይሎቹ ይሂድ ባይ ነኝ። የዕድር መዝገብ ጸሐፊው ቤት ነው የሚቀመጠው፤ አባላቱ ግን እያንዳንዱ በየቤቱ ነው የሚኖረው። መዝገቡ የማንን ቤት እንደሚመለከት ያውቃል፤ ይበቃል።

ጊት ይህን ይፈቅዳል። ማህደሩ አንድ ቦታ ሆኖ የሚከታተለው ፎልደር ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ማህደሩን ጊት ዲር ይለዋል፣ የሚከታተለውን ዎርክ ትሪ። በተለምዶ አንድ ላይ ስለሚሆኑ መለያየት እንደሚችሉ ብዙ ሰው ልብ አይለውም።

የማደርገው እንዲህ ነው። ሆም ፎልደሬ ውስጥ በነጥብ የሚጀምር ጓዳ የሚል ስም ያለው ቤር ሪፖ እፈጥራለሁ። ቤር ማለት የራሱ ዎርክ ትሪ የሌለው፣ ማህደሩ ብቻ የሆነ ሪፖ ነው። ከዚያ የተርሚናሉ ሴቲንግ ውስጥ ጓዳ የሚል አሊያስ (ለረጅም ትዕዛዝ የሚሰጥ አጭር ስም) እጨምራለሁ። ትርጉሙ "ጊትን አስነሳ፤ ጊት ዲሩ ይሄ ነጥብ ጓዳ ነው፣ ዎርክ ትሪው ደግሞ መላው ሆም ፎልደሬ ነው" ማለት ነው። በቃ። ከዚያ በኋላ ጊት ስታተስ በማለት ፈንታ ጓዳ ስታተስ እላለሁ። ስታተስ የተቀየረውን ያሳያል። ጓዳ አድ ፋይል ይጨምራል፣ ጓዳ ኮሚት ይመዘግባል፣ ጓዳ ሎግ ታሪኩን ያሳያል። የምታውቁት ጊት ነው፤ ሌላ የሚጫን ነገር የለም።

ሆም ፎልደሩ ላይ በቀጥታ ጊት ኢኒት (አዲስ ሪፖ ክፈት) ብሎ መጀመርም ይቻላል። ግን አልመክርም። ጊት ካላችሁበት ፎልደር ተነስቶ ነጥብ ጊት እስኪያገኝ ወደ ላይ ይወጣል። ሆማችሁ ላይ አንድ ካለ፣ ከሥሩ ያለ ሪፖ ያልሆነ ፎልደር ሁሉ የሱ አካል መስሎ ይታያችኋል። ለሥራ የከፈታችሁት አዲስ ፎልደር ውስጥ ሆናችሁ የጻፋችሁት ኮሚት የሴቲንግ ታሪካችሁ ውስጥ ሊገባ ነው። ቤሩ ግን ጓዳ ብላችሁ በስሙ ካልጠራችሁት አይመጣም።

መጀመሪያ ጓዳ ስታተስ ስትሉ የሚመጣው ዝርዝር ያስደነግጣል። ፎቶ፣ ሙዚቃ፣ ዳውንሎድ፣ የብሮውዘር ካሽ፣ ሆም ፎልደር ውስጥ ያለ ሁሉ "አልተመዘገበም" ተብሎ ይደረደራል። ለዚህ አንድ ሴቲንግ አለ። ሪፖውን ያልተመዘገቡ ፋይሎችን አታሳየኝ ትሉታላችሁ፤ ሾው አንትራክድ ፋይልስ የሚለውን ኖ ማድረግ ነው። ከዚያ ወዲህ ስታተስ የሚያወራው እናንተ በስማቸው ስለጨመራችኋቸው ፋይሎች ብቻ ይሆናል።

ይህ ሴቲንግ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። የተለመደው ሪፖ ሁሉንም ይዞ የማይፈለገውን ለይታችሁ እንድታወጡ ነው የሚጠይቃችሁ። ይሄ ግን ባዶ ሆኖ ይጀምርና የሚፈለገውን አንድ በአንድ እንድታስገቡ ያደርጋችኋል። አንድ ፋይል ከማስገባቴ በፊት እከፍተዋለሁ። ምን እንደሚል አነባለሁ። የኔ ሥራ አለበት ወይስ ፕሮግራሙ ለራሱ የጻፈው ነው? የመስኮት ስፋት፣ መጨረሻ የተከፈተ ፋይል፣ የተጫነ ቁልፍ ብዛት፣ እንዲህ ያለው አይገባም። የኔ እጅ ያረፈበት ነው የሚገባው። እንዲህ እያልኩ ኮምፒውተሬን ከምንጊዜውም በላይ አወቅሁት።

የኪቦርዱን ሠንጠረዥ ቀረብ አድርጌ ላሳያችሁ። ኡቡንቱ ላይ አማርኛ ከምንጽፍባቸው መንገዶች አንዱ ሴራ የሚባለው ሥርዓት ነው። ስሙ ከእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል የመጣ ነው፤ የግዕዝ ፊደልን በላቲን ቁልፎች ለመወከል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተዘጋጀ ነው። ያኔ ፊደላችን ገና ዩኒኮድ በሚባለው፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት ውስጥ አልነበረም፤ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በሴራ ጸ በአንድ መንገድ ይጻፋል፤ ፀን ለማውጣት ግን መጀመሪያ ከታብ በላይ ያለችውን የጭረት ቁልፍ መንካት አለባችሁ። ለሠ እና ለኀም እንደዚያው። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛ ሰው የአውሮፓ ኪቦርድ ሊደርሰው ይችላል። እዚያ ላይ ያቺ ጭረት ቦታዋ ሌላ ነው፤ አንዳንዱ ላይማ ብቻዋን ስትነካ ምንም አትጽፍም፣ ቀጣዩን ፊደል ትጠብቃለች። ስለዚህ ሠንጠረዡን ወደ ራሴ ፎልደር ገልብጬ ለእነዚህ ፊደላት ሁለተኛ መንገድ ጨመርኩላቸው። ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ነው፤ በአንድ ወገን የምትነኩት ቁልፍ፣ በሌላው የሚወጣው ፊደል። ጥቂት መስመር ነው የነካሁት። እነዚያ ጥቂት መስመሮች ግን በየቀኑ እጄ ላይ ናቸው።

የሊብሬኦፊስ መዝገበ ቃላት ከሁሉም የምወደው ፋይል ነው። አናቱ ላይ ጥቂት የርዕስ መስመሮች አሉት፤ ከዚያ በአንድ መስመር አንድ ቃል። የአማርኛ ፊደል አራሚ የጫነ ሰው ያውቀዋል፣ ግማሹን ገጽ ቀይ ያሰምርበታል። አማርኛ አንዱን ግሥ ከፊትም ከኋላም እየቀጠለ ብዙ ያደርገዋል፤ "ስላልነገርኳችሁ" የሚለውን የትኛውም ዝርዝር አስቀድሞ አይዘውም። ስለዚህ እየጻፋችሁ ትጨምራላችሁ። የሰፈር ስም፣ የሰው ስም፣ የምግብ ስም፣ የሙያ ቃል። ለጊት ደግሞ ይህ ፋይል የተመቸ ነው፤ አንድ ቃል ሲጨመር ዲፉ (ጊት ለውጡን የሚያሳይበት ዝርዝር) ላይ አንድ አረንጓዴ መስመር ይታያል። ጓዳ ሎግ ብዬ የዚህን ፋይል ታሪክ ስከፍት በየትኛው ወቅት ስለምን ስጽፍ እንደነበር ከቃላቱ አየዋለሁ። አንድ ጊዜ ሁሉም የእርሻ ቃል ነው፤ ሌላ ጊዜ የሕግ። "አለም" የሚለው ወጥቶ "ዓለም" የገባበት ኮሚትም አለ። ያን ቀን ወስኛለሁ ማለት ነው።

ቤት ያለው ላፕቶፕና ቢሮ ያለው ኮምፒውተር ሁለቱም ቃል ሲጨምሩ ግጭት ይመጣል። ሁለቱም የሚጨምሩት አንድ አካባቢ ስለሆነ ጊት የትኛውን ልያዝ ብሎ ይቆማል። ለዚህ ዓይነት ፋይል የሚሆን መፍትሔ ጊት ውስጥ አብሮ ተሠርቷል፤ ዩኒየን የሚባል የማዋሃጃ ዘዴ። "ሁለቱንም መስመር ያዝ" ማለት ነው። ለኮድ አደገኛ ነው፤ ለቃላት ዝርዝር ግን ልክ የሚፈለገው እሱ ነው። በነጥብ ጓዳ ውስጥ፣ ኢንፎ ፎልደር ሥር አትሪቢዩትስ የሚል ፋይል ከፍታችሁ ለመዝገበ ቃላቱ ብቻ ትጽፉለታላችሁ። ታሪኩን የምትስቡት ሊብሬኦፊስ ተዘግቶ ሳለ ይሁን፤ አለዚያ የከፈተውን የድሮ ዝርዝር መልሶ ሊጽፍባችሁ ይችላል።

ፋይል በአማርኛ የምትሰይሙ ከሆነ አንድ ነገር እወቁ። ደብዳቤ የሚል ፋይል ጨምራችሁ ስታተስ ስትሉ ጊት ስሙን በቁጥር ያሳያችኋል። ደ የነበረችው 341፣ 213፣ 260 ሆና ትመጣለች። አልተበላሸም። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደል ፋይል ውስጥ በሚጻፍበት ሥርዓት) ሦስት ባይት ነው፤ ጊት ከእንግሊዝኛ ውጭ ያለውን ስም በጥንቃቄ ባይት በባይት በስምንት ቤት ቁጥር ይጽፈዋል። የአማርኛ ፊደሎቻችን ሁሉም በ341 ነው የሚጀምሩት። ኮር ኮትፓዝ የሚባለውን ሴቲንግ ፎልስ ስታደርጉት ስሙ በራሱ ፊደል ይታያል። ይህን ባለማወቅ ፋይሎቻቸውን ሁሉ በላቲን የሚሰይሙ ሰዎች አሉ። ፋይላችሁን በቋንቋችሁ ሰይሙት።

ቴምፕሌቶቹን በተመለከተ፣ ተራው የሊብሬኦፊስ ዶክመንት የታመቀ ጥቅል ስለሆነ ጊት ውስጡን አያነበውም። "ተቀይሯል" ከማለት ሌላ የሚነግራችሁ የለም። ሴቭ ስታደርጉ ፍላት የሚለውን ዓይነት ብትመርጡ ግን ያው ዶክመንት ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀመጣል፤ ያኔ ለውጡን መስመር በመስመር ማየት ይቻላል። አንቀጹ ረጅም አንድ መስመር ከሆነ ወርድ ዲፍ የሚለውን ጨምሩበት፤ ቃል በቃል ያሳያችኋል። ቃላት በባዶ ቦታ ስለምንለይ ለአማርኛ ያለምንም ጣጣ ይሠራል።

ኮሚት ላይ የሚጻፈው መልእክት ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ቴክኒክ ይበልጥብኛል። ምን እንደተቀየረ ዲፉ ይናገራል። ለምን እንደተቀየረ የሚናገረው መልእክቱ ብቻ ነው። ከፎንት ፋይሌ ታሪክ አንዱ እንዲህ ይላል፦ "ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ይቅደም። ሌላው ፎንት ደማቅ ሲደረግ ፊደሎቹ ይጠፋፋሉ፤ ጨ እና ጬ አይለዩም።" ወራት ቆይቼ ያንን መስመር ሳየው ለምን እንዳስገባሁት አልገምትም፤ ተጽፏል። መልእክቶቼን በአማርኛ ነው የምጽፋቸው። ጊት ምንም አይቸግረውም፤ የጸሐፊውንም ስም በግዕዝ ፊደል ይቀበላል። ከሌላ ሀገር ሰው ጋር በምሠራው ኮድ ላይ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ፤ ያ የጋራ ነው። ይሄ ግን የገዛ ራሴ ማስታወሻ ነው። በእንግሊዝኛ ስጽፍ "ፎንት ተስተካከለ" ብዬ አልፋለሁ፤ በአማርኛ ስጽፍ ምክንያቱን እስከ መጨረሻው እናገራለሁ። ሞክሩት፤ ልዩነቱን ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

አሁን ማስጠንቀቂያ። ምስጢር አታስገቡ። የኤስኤስኤች (ሰርቨር በርቀት መግቢያ) የግል ቁልፍ፣ ፓስወርድ ወይም ቶክን ያለበት ፋይል፣ የብሮውዘር ፕሮፋይል፣ እነዚህ ሪፖ ውስጥ አይገቡም፤ ሪፖው ፕራይቬት ቢሆንም። ሀገራችን ውስጥ ብዙ ሰው የሚጠቀመው ቴሌግራም ዴስክቶፕም ቲዳታ የሚባል ፎልደር አለው። የገባችሁበት አካውንት እዚያ ነው የተቀመጠው። ያንን ፎልደር ያገኘ ሰው፣ የፕሮግራሙን መቆለፊያ ኮድ ካላደረጋችሁ፣ እናንተን ሆኖ ሊገባ ይችላል። ጊት ደግሞ አይረሳም። ዛሬ ብትሰርዙት በትናንቱ ኮሚት ውስጥ አለ። አንዴ ፑሽ ከተደረገ (ወደ ሌላ ሪፖ ከተላከ) ታሪኩን ከማጽዳት በፊት ቁልፉን መቀየርና ፓስወርዱን መለወጥ ነው የሚቀድመው።

በዚህ አሠራር ፈጽሞ የማይነኩ ሁለት ትዕዛዞች አሉ። አንዱ "ሁሉንም ጨምር" የሚለው አድ ነው፤ ሆም ፎልደራችሁን በሙሉ ጠቅልሎ ያስገባል። ሁለተኛው ክሊን ነው። ክሊን ሥራው ያልተመዘገበውን መደምሰስ ነው፤ እዚህ ላይ ያልተመዘገበው ደግሞ ፎቷችሁና ዶክመንታችሁ ነው። ምንጊዜም በስም ጨምሩ። ቀድመው የገቡ ፋይሎች ላይ የመጣውን ለውጥ ብቻ ለመያዝ ኮሚት ሰረዝ ኤ ይበቃል፤ አዲስ ፋይል አያስገባም።

አዲስ ማሽን ላይ የሚሆነው አጭር ነው። ሪፖውን ቤር አድርጋችሁ ክሎን ታደርጋላችሁ (ከነታሪኩ ትገለብጡታላችሁ)፣ አሊያሱን ትጽፋላችሁ፣ ጓዳ ቼክአውት ትላላችሁ፤ ፋይሎቹ በየቦታቸው ይወጣሉ። ኡቡንቱ ራሱ የፈጠራቸው ፋይሎች ስላሉ ጊት "ላጠፋቸው ነው" ብሎ እምቢ ይላል፤ ወደ ጎን አንሷቸውና ድገሙት። ሴቲንግ በክሎን አብሮ አይመጣም። ስለዚህ ያልተመዘገበውን አታሳይ የሚለውን እንደገና ማድረግ አለባችሁ፤ የአትሪቢዩትስ ፋይሉንም እንደዚሁ። በቤር ክሎን ለመጣ ሪፖ የፌች (አዲስ ለውጥ ማምጫ) መስመርም አይጻፍለትም፤ ከሪሞቱ (ሌላ ቦታ ካለው ሪፖ) ጋር ልዩነታችሁን ለማየት ኮንፊጉ ውስጥ እሱን መጨመር ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው።

ከሆም ፎልደር ውጭ ያለውን፣ በተለይ ኢቲሲ የሚባለውን የሲስተም ሴቲንግ፣ ከዚህ ጋር አልቀላቅልም። ዎርክ ትሪውን እስከ ሥሩ ድረስ ማድረግ ይቻላል፣ ግን ጊት የፋይልን ባለቤት አይመዘግብም፤ ከፈቃዶቹም የሚይዘው ይሠራል አይሠራም የሚለውን ብቻ ነው። ለሲስተም ፋይል ይህ አይበቃም። ጆይ ሄስ የሠራው ኢቲሲኪፐር የጎደለውን ለብቻው እየመዘገበ ይይዛል። ሰርቨሮች ላይ የምጠቀመው እሱን ነው።

ኢንተርኔት በሌለበትም ሥራው አይቆምም። ታሪኩ ሁሉ እጃችሁ ላይ ነው፤ መብራትና ኔትወርክ እስኪመጣ ኮሚት እያደረጋችሁ ትቆያላችሁ። ፍላሽ ላይ ሌላ ቤር ሪፖ ፈጥሮ እዚያ ፑሽ ማድረግ ይቻላል። ባንድል የሚባልም አለ፤ ታሪኩን በሙሉ አንድ ፋይል አድርጎ ይጠቀልለዋል። እንደማንኛውም ፋይል ይላካል፣ ከተቀበሉት በኋላም ክሎን ይደረጋል። የኔ እነዚህ ሁሉ ፋይሎች ተጠቅልለው ከጥቂት ፎቶዎች ያነሱ ናቸው።

አሁን እየሠራሁ ያለሁት የመዝገበ ቃላቱን ፋይል ለሌላው ሰው በሚሆን መልኩ ማውጣት ነው። እንዳለ አልለቀውም፤ የቤተሰብና የሥራ ባልደረቦች ስም አለበት። ስሞቹን ለይቼ በሌላ መዝገብ እያስቀመጥኩ ነው፤ ሊብሬኦፊስ ከአንድ በላይ መዝገብ ይይዛል። የቀረው ተራው ቃል ይለቀቃል። እናንተም የራሳችሁ ዝርዝር ይኖራችኋል፤ ወርድቡክ ፎልደሩ ውስጥ ስታንዳርድ የሚለውን ፋይል ክፈቱ። በአንድ መስመር አንድ ቃል እስከሆነ ድረስ የናንተንና የኔን ማዋሃድ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።